አሮጌው ስፒና ሲበላሽ
ለውኃ መሳቢያና ለወፍጮ ሞተር ምትክ ማገናኛ ስለ መምረጥ ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ዘር ወይም ስለ ማዳበሪያ አይደለም። ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ነው፤ ይኸውም የውኃ መሳቢያውን፣ የወፍጮውንና የመኖ መቁረጫውን ሞተር ከኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ስለምታገናኘው ስፒናና ስለ ሶኬቷ ነው። ዕቃዋ ከጭብጥ እምብዛም አትበልጥም። ነገር ግን እርሷ ስትበላሽ ሞተሩ ይቆማል፤ ሞተሩ ሲቆም ውኃው ይቆማል፤ ውኃው ሲቆም በበጋ የተተከለው ጎመንና ሰላጣ ይጠወልጋል። ከዚህም የሚከፋው፣ በችኮላ ያለ አግባብ የተጠገነች እንደ ሆነ ሰው ትገድላለች። ስለዚህ ጥቂት ጊዜ ሰጥታችሁ እንድታደምጡኝ እለምናችኋለሁ።

በንግግሬ ውስጥ ስፒና ስል እግር ያለውን፣ ሶኬት ስል ቀዳዳ ያለውን ማለቴ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማገናኛ እላቸዋለሁ።

የማገናኛው ዓይነት ስለምን በዛ?

ይህ ያለንበት የንፋስ ስልክ ላፍቶ አገር ፋብሪካና እርሻ ጎን ለጎን የሚኖሩበት ስፍራ ነው። ነፋስ ስልክ የሚለው ስም ራሱ ያለ ሽቦ በነፋስ የሚተላለፍ ስልክ ማለት ነው። ከመንገዱ ወዲህ ፋብሪካና ጋራዥ አለ፤ ወደ መካኒሳና ወደ ላፍቶ በኩል ደግሞ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ይወርዳል፤ በዳርና በዳሩ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ቀይ ሥር ይለማል። የአገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ፣ አባ ሳሙኤል፣ የተሠራው በዚሁ በአቃቂ ወንዝ ላይ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የቆቃው ማመንጫ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ።

ኃይሉ ሲበዛ መኪናውም በዛ። መኪናው ግን ከአንድ አገር አልመጣም። ከጣሊያን የመጣ አለ፤ ከጀርመን፣ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ የመጣ አለ፤ ከዩጎዝላቪያና ከሶቪየት ኅብረት የመጣም አለ። እያንዳንዱ አገር በዚያ ዘመን የራሱ የማገናኛ ዓይነት ነበረው። አንዱ እግሩ ጠፍጣፋ ነው፤ ሌላው ድቡልቡል ነው፤ አንዱ በብረት ቅርፊት የተሸፈነ ነው፤ ሌላው እንደ ጀርመኑና እንደ ሆላንዱ ፔሪሌክስ አምስት ጠፍጣፋ እግር በፕላስቲክ ፊት ላይ የተደረደረበት ነው። ስፒና፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ናስትሮ የምንላቸው ቃላት ከጣሊያንኛ መምጣታቸው ይህንኑ ያሳያል፤ ዕቃው ከነስሙ ነው የመጣው።

ዛሬ ከእነዚህ አሮጌ ዓይነቶች አብዛኞቹን የሚሠራቸው ፋብሪካ የለም፤ ወይም ወደ ገበያችን አይመጡም። ሞተሩ ግን በደንብ ከተያዘ ሠላሳና አርባ ዓመት ይሠራል። ስለዚህ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ማገናኛው ቀድሞ ይሞታል ማለት ነው። ችግራችን ይህ ነው።

በችኮላ የሚደረጉ አራት ስሕተቶች

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። አንድ አትክልት አምራች ከፋብሪካ የወጣ አሮጌ የውኃ መሳቢያ ገዛ እንበል። ሞተሩ ባለ 3 ፌዝ ነው። ስፒናው አራት ጠፍጣፋ እግር ያለው አሮጌ ዓይነት ነው። በጥር ወር አንድ ቀን ጠዋት የስፒናው አንዱ እግር ተቃጥሎ ተሰበረ። ሰውየው መርካቶን ዞሮ መሰሉን አጣ። መደቡ ውኃ ከጠጣ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እንግዲህ ምን ያደርጋል?

በዚህ ጊዜ ሰዎች ከአራት ስሕተቶች አንዱን ሲሠሩ ይታያል።

አንደኛው፣ የሚመስለውን ስፒና ፈልጎ እግሩን በሞረድ ሞርዶ በግድ ማስገባት ነው። ሁለተኛው፣ ስፒናውን ቆርጦ ጥሎ የሽቦውን ጫፍ ልጦ በሶኬቱ ቀዳዳ ውስጥ በእንጨት ሽብልቅ መወተፍ ነው። ሦስተኛው፣ ሽቦን ከሽቦ ጠምዝዞ ናስትሮ አልብሶ በእርጥብ ቦይ ዳር መተው ነው። አራተኛው፣ «ሞተሩ ያለ እርሱም ይዞራል» ብሎ የመሬቱን ሽቦ ሳያገናኙ መተው ነው።

አራተኛው ከሁሉ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ጉዳቱ በዚያው ቀን አይታይም። በእርግጥ ሞተሩ ያለ መሬት ሽቦ ይዞራል። ነገር ግን አንድ ቀን በሞተሩ ውስጥ የሽቦው ሽፋን ሲላጥ ኤሌክትሪኩ ወደ ሞተሩ አካል ይመጣል። የመሬት ሽቦ ቢኖር ኖሮ ኃይሉ በእርሱ በኩል ይሄድና ፊዩዙን ወይም ብሬከሩን ያስቆርጠው ነበር። የመሬት ሽቦ ከሌለ ግን የሞተሩ ብረት ከነኃይሉ ሰው ይጠብቃል። በባዶ እግሩ በእርጥብ መሬት ላይ ቆሞ መሳቢያውን የሚነካው ሰው የመሬት ሽቦ ይሆናል ማለት ነው።

ቅርጹ አጥር ነው

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስፒናዎች ቅርጻቸው የተለያየው ሰውን ለማስቸገር አይደለም። ቅርጹ አጥር ነው። በ120 ቮልት የሚሠራ መኪና ከ380 ቮልት ሶኬት ጋር እንዳይገናኝ፣ 16 አምፔር ብቻ የሚችል ገመድ 60 አምፔር ከሚሰጥ መስመር ላይ እንዳይሰካ፣ የመሬቱ እግር በፌዝ ቀዳዳ እንዳይገባ የሚከለክል አጥር ነው። ስፒናውን ሞርዶ ያስገባ ሰው አጥሩን አፍርሶ ከብቱን ወደ ማሳ እንደ ለቀቀ ሰው ነው።

ስለዚህ ምትክ ስትፈልጉ የአሮጌውን መልክ አትፈልጉ፤ የአሮጌውን ሥራ ፈልጉ። ምን ያህል ቮልት ይችል ነበር? ምን ያህል አምፔር? ስንት ሽቦ ነበረው? ይህን ያወቀ ሰው መልኩ ፈጽሞ የተለየ ሆኖ ሥራውን ግን በትክክል የሚሠራ ምትክ ያገኛል።

ሁለተኛውም ነገር ይህ ነው፤ ስፒናና ሶኬት እንደ በሬ ጥማድ ናቸው። በእርሻ ላይ አንዱ በሬ ቢሞት ከጎረቤት በሬ ጋር መቀናጆ ይሆናል። በኤሌክትሪክ ግን መቀናጆ የለም። አንዱ ቢሞት ሁለቱንም ለውጡ። አሮጌውን ሶኬት ለማዳን ሲባል አዲሱን ስፒና ማጣመም ሞተርንም ሰውንም ያስከፍላል።

ወደ ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት አምስት ጥያቄ

ስፒናውን በኪሳችሁ ይዛችሁ ወደ ሱቅ አትሂዱ። መጀመሪያ ወደ ሞተሩ ሂዱ። በሞተሩ ጎን ላይ ጽሑፍ ያለባት ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች። በጨርቅ ጠርጓት፤ ቀለም ተቀብታ ከሆነ በቀስታ አስለቅቁት። ከዚያም የሚከተሉትን በወረቀት ጻፉ።

1ኛ፤ ቮልቱ ስንት ነው? በአገራችን ባለ አንድ ፌዝ መስመር 220 ቮልት፣ ባለ 3 ፌዝ መስመር 380 ቮልት ነው። በአዳዲስ ዕቃ ላይ 230 እና 400 ተጽፎ ብታዩ አትደንግጡ፤ ለእኛ መስመር የሚስማማ ነው። ሰሌዳው 220/380 የሚል እንደ ሆነ በእኛ ባለ 3 ፌዝ መስመር ላይ ሞተሩ በኮከብ አገናኝ መታሰር አለበት፤ 380/660 የሚል እንደ ሆነ ግን በሦስት ማዕዘን አገናኝ ነው። ይህን ባለሙያው ያረጋግጥ።

2ኛ፤ አምፔሩ ስንት ነው? ሰሌዳው ካልተነበበ በዚህ ግምት ተጠቀሙ፤ በ380 ቮልት የሚሠራ ባለ 3 ፌዝ ሞተር ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት 2 አምፔር ያህል ይወስዳል። በፈረስ ጉልበት የተጻፈ እንደ ሆነ 1 የፈረስ ጉልበት ከ1 ኪሎ ዋት ሦስት አራተኛ ያህል መሆኑን አስቡ። እንግዲህ የ4 ኪሎ ዋት መሳቢያ ከ8 እስከ 9 አምፔር፣ የ11 ኪሎ ዋት ወፍጮ ከ22 እስከ 23 አምፔር ይወስዳል ማለት ነው።

3ኛ፤ ኸርዙ ስንት ነው? የእኛ መስመር 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካ መኪና 60 ኸርዝ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሞተር በእኛ መስመር ላይ ፍጥነቱ በስድስተኛ እጅ ይቀንሳል፤ ቮልቱም ካልተስማማ ይቃጠላል። ሰሌዳው 60 ኸርዝ ወይም 120 ቮልት የሚል እንደ ሆነ ችግሩ የስፒና ስላልሆነ ባለሙያ ሳይጠየቅ ስፒና አይለወጥለት።

4ኛ፤ ስንት ሽቦ ነው? ባለ አንድ ፌዝ መኪና ሦስት ሽቦ ይፈልጋል፤ ፌዝ፣ ኒውትራልና መሬት። ባለ 3 ፌዝ ሞተር አራት ይፈልጋል፤ ሦስት ፌዝና መሬት። በመኪናው ላይ በ220 ቮልት የሚሠራ መብራት ወይም መቆጣጠሪያ ካለ ኒውትራል ተጨምሮ አምስት ይሆናል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ በአንዳንዱ አሮጌ ስፒና አራተኛው እግር የመሬት ነው፤ በአንዳንዱ ደግሞ ኒውትራል ሆኖ መሬቱ በብረት ቅርፊቱ በኩል ይያዛል። በግምት አይወሰንም፤ በመለኪያ ይረጋገጣል።

5ኛ፤ የሚቀመጠው የት ነው? በደረቅ ቤት ውስጥ ነው፣ ዝናብ በሚያገኘው ስፍራ ነው ወይስ ጎርፍ በሚደርስበት የወንዝ ዳር ነው?

እነዚህን አምስት መልሶች የያዘ ገበሬ በሱቅ ፊት አያፍርም፤ ነጋዴውም ያልሆነ ዕቃ አይሸጥለትም።

ማገናኛው ግዴታ ነውን?

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ደግሞ ጠይቁ፤ ይህ መኪና ከቦታ ቦታ ይንቀሳቀሳልን? ስፒና የሚያስፈልገው ለሚንቀሳቀስ መኪና ነው። ወፍጮው በሲሚንቶ ላይ በብሎን የታሰረ ከሆነና ዓመት ሙሉ ከቦታው የማይነሣ ከሆነ ስፒናና ሶኬት ፈጽሞ አያስፈልገውም። በግድግዳው ላይ ማቋረጫ ይደረግለትና ገመዱ ከዚያ ተነሥቶ በገመድ ማጥበቂያ በኩል በቀጥታ ወደ ሞተሩ ሳጥን ይግባ። ሊላላና ሊቃጠል የሚችል አንድ ነገር ቀነሳችሁ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ለአሮጌ ማገናኛ የሚሻለው ምትክ ማገናኛውን ማስወገድ ነው።

ውኃ መሳቢያው ግን ጎርፍ ሲመጣ ከወንዝ ዳር የሚነሣ፣ ሌባ እንዳይወስደው ማታ ወደ ቤት የሚገባ ስለ ሆነ ማገናኛ ያስፈልገዋል።

የዛሬው ምትክ የትኛው ነው?

በዓለም ላይ ዛሬ ለፋብሪካና ለእርሻ ሞተር በብዛት የሚሠራበት ማገናኛ ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን በቁጥር 60309 የደነገገው ነው። በልማድ ሲ ኢ ኢ የሚባለው እርሱ ነው። በየትኛውም አገር ፋብሪካ ቢሠራ እርስ በርሱ ስለሚገጥም፣ አንድ ጊዜ ወደ እርሱ የተሻገረ ገበሬ ሁለተኛ ጊዜ ምትክ ፍለጋ አይዞርም። የሚታወቀውም እንዲህ ነው።

ቀለሙ ቮልቱን ይናገራል። ሰማያዊው ከ200 እስከ 250 ቮልት ነው፤ ለእኛ ባለ 220 መስመር የሚሆነው እርሱ ነው። ቀዩ ከ380 ቮልት በላይ ነው፤ ለባለ 3 ፌዝ ሞተራችን የሚሆነው እርሱ ነው። ቢጫው ከ100 እስከ 130 ቮልት ስለ ሆነ ለእኛ መስመር አይሆንም።

መጠኑ አምፔሩን ይናገራል። 16፣ 32፣ 63 እና 125 አምፔር ተብሎ ይሠራል። የሞተሩን አምፔር አይታችሁ ከእርሱ ከፍ የሚለውን ምረጡ። ለ4 ኪሎ ዋቱ መሳቢያ ባለ 16፣ ለ11 ኪሎ ዋቱ ወፍጮ ባለ 32 ይበቃል። የ7 ተኩል ኪሎ ዋት ሞተር 15 አምፔር ያህል ስለሚወስድ በባለ 16 ላይ ጠርዝ ለጠርዝ ነው፤ ባለ 32 ቢሆን ይሻላል። ገመዱም እንዲሁ ነው፤ ለ16 አምፔር ቢያንስ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ለ32 አምፔር 6 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ይሁን፤ ርቀቱ ሲበዛ ከዚህ ይወፍር።

የመሬቱ እግር ከሌሎቹ ይወፍራል። በሌላ ቀዳዳ እንዳይገባም ቦታው በሰዓት ቁጥር ይነገራል። ለእኛ መስመር የሚሆነው ባለ 6 ነው። ይህ የቀን 6 ሰዓት ማለት አይደለም፤ የሶኬቱን ፊት እንደ ሰዓት ገጽ ብታዩት 6 ቁጥር በሚጻፍበት በታችኛው በኩል የመሬቱ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀይ ሆኖ ባለ 3 የሆነ አለ፤ እርሱ የበረዶ ቤት ኮንቴይነር ዓይነት ስለ ሆነ ከእኛ ሶኬት ጋር አይገጥምም። ቀለሙን ብቻ አይታችሁ አትግዙ።

በላዩ ላይ አይ ፒ የሚል የላቲን ፊደል ቀጥሎም ቁጥር አለ። 44 የሚለው ፍንጣቂ ውኃን ይከላከላል፤ 67 የሚለው ቀለበቱ በደንብ ከጠበቀ ለጥቂት ጊዜ ውኃ ውስጥ ቢገባም ውኃ አያስገባም። ለወንዝ ዳር 67 ይሻላል፤ ለቤት 44 ይበቃል።

ባለ አራት እግርና ባለ አምስት እግር በገበያ አለ። ማኅበር ከሆናችሁ ሶኬቱን ሁሉ ባለ አምስት ማድረግ ይጠቅማል። ኒውትራል የማያስፈልገው ሞተር በስፒናው ውስጥ የኒውትራሉን ቦታ ባዶ ይተወዋል። ነገር ግን ኒውትራሉን ከመሬቱ ጋር በስፒናው ውስጥ ማያያዝ ክልክል ነው።

በሱቅ ፊት

ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ጥሩ ስፒና እግሩ ነሐስ ነው፤ ነሐስን ማግኔት አይስበውም። እግሩ በማግኔት ከተሳበ ቀለም የተቀባ ብረት ስለ ሆነ ይዝጋል፤ ይሞቃል። በእጃችሁም መዝኑት፤ ቀላል የሆነ ዕቃ ነሐሱ ተቀንሶበታል። አሮጌ የምትገዙ ከሆነ ጥቁር የቃጠሎ ምልክት፣ አረንጓዴ ዝገት ወይም የተሰነጠቀ ቅርፊት ያለበትን አትውሰዱ። ስፒናና ሶኬቱን በአንድ ጊዜ ግዙ፤ እዚያው አጋጥማችሁ ሞክሩ።

የማሠሪያው ሥርዓት

ይህን ሥራ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሥራው። ባለቤቱ ግን አጠገቡ ቆሞ የሚከተለው መደረጉን ይመልከት።

መጀመሪያ ኃይሉ ከዋናው ብሬከር ላይ ይቆረጥ፤ ሌላ ሰው መጥቶ እንዳያበራውም ሳጥኑ ይቆለፍ ወይም ሰው ይቁምበት። ከዚያም በመለኪያ ይፈተሽ። መለኪያው ራሱ መሥራቱ አስቀድሞ ኃይል ባለበት ስፍራ ይሞከር፤ የሞተ መለኪያ ኃይል የለም ብሎ ይዋሻል።

ቀጥሎ የሽቦው ቀለም አይታመን። ይህን ጠንክሬ እናገራለሁ። ዛሬ በዓለም አቀፉ ሥርዓት አረንጓዴና ቢጫ ዝንጉርጉሩ የመሬት፣ ሰማያዊው የኒውትራል፣ ቡናማው፣ ጥቁሩና ግራጫው የፌዝ ናቸው። በአሮጌው ዘመን ግን እንዲህ አልነበረም። በእንግሊዝ የሕንፃ መስመር በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 2006 ድረስ ቀይ ሽቦ ፌዝ ነበር። በጀርመን ግን እስከ 1965 ድረስ ቀዩ የመሬት ሽቦ ነበር። የጀርመኑን አሮጌ ገመድ በእንግሊዙ ልማድ ያሰረ ሰው የሞተሩን አካል ከፌዝ ጋር ያገናኛል፤ የመጀመሪያው ሰው ሲነካው ይሞታል። ስለዚህ የመሬቱ ሽቦ ከሞተሩ አካል ጋር መገናኘቱ በመለኪያ ይረጋገጥ፤ ሌሎቹም ከሞተሩ አካል ጋር አለመገናኘታቸው ይረጋገጥ። ገመዱ አሮጌ ከሆነ ገመዱንም መለወጥ ይሻላል።

ሽቦው ሲታሰር የመሬቱ ሽቦ ከሌሎቹ ትንሽ ይርዘም፤ ገመዱ በድንገት ቢጎተት መጨረሻ የሚላቀቀው እርሱ እንዲሆን ነው። ባለ ብዙ ክር የሆነው ሽቦ ጫፉ በመዳብ ቆብ ይያዝ እንጂ በቆርቆሮ አይበየድ፤ ብየዳው በቪቴው ሥር እየተጨፈለቀ ይላላልና። የገመዱ ውጫዊ ሽፋን እስከ ማጥበቂያው ውስጥ ይግባ፤ ጉተታው በማጥበቂያው ላይ እንጂ በቪቴዎቹ ላይ አይሁን።

ከሁሉ በላይ ይህ ሕግ አይፍረስ፤ ኃይል የሚመጣበት ወገን ሁልጊዜ ሶኬት ይሁን፤ ስፒናው በመኪናው ወገን ይሁን። ኃይል ያለው ወገን እግር ያለው ከሆነ ሲነቀል ኃይሉ ከነእግሩ በአደባባይ ይቀራል። ጄኔሬተር ያላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ። በሁለቱም ጫፍ ስፒና ያለው ገመድ ሠርታችሁ ጄኔሬተሩን ወደ ቤቱ ሶኬት አታስገቡ። መብራት ሲመለስ እሳት ይነሣል፤ ኃይሉ በቆጣሪው በኩል ወደ መስመሩ ከወጣ ደግሞ ምሰሶ ላይ ያለውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል።

ለወንዝ ዳር ሶኬት ሌላ ጠባቂ ይጨመርለት፤ ይኸውም 30 ሚሊ አምፔር የሚያህል ኃይል ወደ መሬት ሲፈስስ ወዲያው የሚቆርጠው ብሬከር ነው። እርሱ ግን የመሬቱን ሽቦ አይተካም፤ ሁለቱም ይኑሩ።

ሙከራ

ሥራው ሲያልቅ ወፍጮ ከሆነ ቺንጋው ይውጣ፤ መሳቢያ ከሆነ አካሉ ውኃ ይሞላ። ለአንድ አፍታ አብርታችሁ አጥፉ። የዞረበትን አቅጣጫ በሞተሩ ላይ ካለው ቀስት ጋር አስተያዩ። ተቃራኒ ከዞረ ኃይሉ ተቆርጦ ከሦስቱ ፌዞች ሁለቱ ቦታ ይለዋወጡ፤ ይስተካከላል። ወደ ኋላ የሚዞር መሳቢያ ጥቂት ውኃ ሊሰጥ ስለሚችል ብዙዎች ያታልላቸዋል። «መሳቢያው ደከመ» ይላሉ፤ የደከመ ነገር ግን የለም፤ የዞረው ወደ ኋላ ነው።

ሞተሩ ካቃሰተና ካልተነሣ ፈጥናችሁ አጥፉ። ከሦስቱ ፌዝ አንዱ አልደረሰውም ማለት ነው፤ እንዲያ እንዳለ ቢቆይ ጥቅሉ ይቃጠላል።

ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ አጥፍታችሁ የስፒናውን ሽፋን በእጅ ዳስሱ። ለብ ቢል አያስፈራም። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ውስጡ የላላ ቪቴ አለ። ከአንድ ሳምንት በኋላም ቪቴዎቹ አንድ ጊዜ ይጥበቁ። ወደፊትም ሞተሩ ሳይጠፋ ስፒና አይነቀል፤ እግሩን የሚያጠቁረው በሥራ ላይ ሳለ መንቀል ነው።

ለልማት ሠራተኞች

እናንተ የልማት ሠራተኞች በየማኅበሩ ይህን ሥራ አንድ ጊዜ ብትጀምሩት ለብዙ ዓመት ይጠቅማል። አንድ ደብተር ይከፈትና ያሉት ሞተሮች ሁሉ ይመዝገቡ፤ ቮልት፣ አምፔር፣ ኸርዝ፣ የሽቦ ቁጥር፣ ያለው የማገናኛ ዓይነት። ከዚያም ማኅበሩ አንድ ዓይነት ማገናኛ ይምረጥ፤ አሮጌው ሲበላሽ ሁሉ ወደዚያው ይሻገር። በአንድ ቀን ሁሉን መለወጥ አቅም አይፈቅድ ይሆናል። በመካከሉ ከአዲሱ ሶኬት ወደ አሮጌው ስፒና የሚያሸጋግር አጭር ገመድ ባለሙያ ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን የመሬቱ ሽቦ በእርሱ ውስጥ ይለፍ፤ ብሬከሩም ለትንሹ ማገናኛ አምፔር ይሁን። የተነቀሉት አሮጌ ማገናኛዎች ደኅና የሆኑት አይጣሉ፤ ገና ላልተሻገሩት መለዋወጫ ይሁኑ። ከአዲሱም አንድ ጥንድ በመጋዘን ይቀመጥ። በጥር ወር ማለዳ መርካቶ ከመሮጥ መጋዘን መክፈት ይቀላል።

ደግሞም ለሁሉ ይህን አስተምሩ፤ ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጅ አይነኩትም። መጀመሪያ ኃይሉ ይቆረጥ። መቁረጥ ካልተቻለ በደረቅ ስፍራ ቆሞ በደረቅ እንጨት ሽቦውን ከሰውየው ማራቅ ነው። ከዚያም እስትንፋሱ ታይቶ ፈጥኖ ወደ ሕክምና ይወሰድ።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ያ በምሳሌ ያነሣነው አትክልት አምራች ምን ያድርግ ብለን ነበር። መልሱ እነሆ። የሞተሩን ሰሌዳ ያንብብ፤ 4 ኪሎ ዋት፣ 380 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 8 ተኩል አምፔር ቢል ቀይ፣ ባለ 16 አምፔር፣ ባለ 6፣ ውኃ የማያስገባ ስፒናና ሶኬት በአንድ ጊዜ ይግዛ፤ ሠራተኛ ጠርቶ አሮጌውን ሶኬትም አሮጌውን ስፒናም ያስነቅል። እስከዚያው በባልዲም ቢሆን ችግኙን ያጠጣ፤ ሽቦ ግን በቀዳዳ ውስጥ አይወትፍ። አንድ መደብ ጎመን ቢደርቅ በሚመጣው ወር ይተከላል። የሰው ሕይወት ግን አይተከልም።